ለአንድ ሰው የታዘዘ መድኃኒት

ጥቅምት 9

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ ደህና ነኝ። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ስለተውኩት ነው። ብንደዋወል ይቀልሽ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ስልክ ስይዝ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አይመጣልኝም። ወረቀት ላይ ሲሆን ቢያንስ አስቤበት ነው ዝም የምለው።

ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያለሽ። ለዶክትሬት ተቀበሏት ብዬ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ብነግራት «እሰይ፣ ወገቤን ታይልኛለቻ» አለችኝ። ወገብ የምታይ ዶክተር አይደለችም አልኳት። እና ምን ልታይ ነው አለች። የወባ መድኃኒት ሰው ከዋጠው በኋላ ሰውነቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚያልቅ በሂሳብ የምትከታተል ናት ብዬ አንቺ እንደጻፍሽልኝ ነገርኳት። መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች አሰበች አሰበችና «አንዴ ከተዋጠ በኋላ ምን ያደርግላታል?» አለችኝ። ከዚያ በላይ ላስረዳት አልቻልኩም።

ሁለት ርዕስ አቅርበውልኛል፣ በኅዳር መጨረሻ አንዱን መርጬ መልስ መስጠት አለብኝ ብለሻል። አንዱ መድኃኒቱ በነፍሰ ጡር ሴቶች ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማጥናት ነው። ሌላው መድኃኒቱን ያልጨረሱ ወይም ጎድሎ የደረሳቸውን ሕሙማን። አስተያየቴን ከጠየቅሽኝ የነፍሰ ጡሮቹን ውሰጂ። ነፍሰ ጡር ሁልጊዜም አለች፣ ሥራ አይጠፋም።

ስለ አባትሽ የጠየቅሽኝን ግን አልመልስም። እኔና አንቺ የምናውቀውን ሰፈሩም ያውቀዋል። አባትሽን አግብቼ እዚህ ቤት ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። በአንድ ሳምንት አባትና ልጅ በወባ ወደቃችሁ። ጤና ጣቢያው የቀረው መድኃኒት ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነበር። እኔ ለሁለት ከፈልኩት፣ አንቺ ተነሣሽ፣ እሱ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንሥተነው አናውቅም። ሳናነሣው ይኸው አድገሽ፣ ተምረሽ፣ ለዚህ ደረስሽ። እንደዚያው ቢቀር ምን ይለናል?

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ምሳ ሳትበዪ አትዋዪ።

እትዬሽ


ጥቅምት 24

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ጽሑፍዎ ወደ መጨረሻው ላይ ከመስመር ወጣ ወጣ ብሎብኝ አሳሰበኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል። አሁንም የሆስፒታሉ መድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ነኝ። ሰው በሰልፍ ይቆምና ተራው ሲደርስ የታዘዘለትን ወረቀት ሳይሆን በሽታውን ይነግረኛል። እሰማለሁ። ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ።

የጠየቅኩዎትን አልደግመውም። በደብዳቤ የሚጠየቅ አልነበረም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ሥራው ግን ለልብስ ሰፊዋ እንዲነግሩልኝ ልሞክር። ከሥሩ የተበሳ በርሜል ነው ይበሏት። ከላይ ውኃ ይጨመራል፣ ከታች ይፈሳል። ክኒን የዋጠ ሰው ደሙ እንደዚያ ነው። ከላይ መድኃኒቱ ይገባል፣ ከታች ጉበት እያጣራ ያስወጣዋል። ወባው እንዲሞት ውኃው ከአንድ ምልክት በላይ ሆኖ ለቀናት መቆየት አለበት። በርሜሉ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ሰፊ አለ፣ ጠባብ አለ፣ ቀዳዳው የሰፋ አለ። እኛ ከብዙ ሕሙማን በየሰዓቱ የተወሰደ ጠብታ ደም ይመጣልናል፣ ከዚያ ተነሥተን ያላየነውን በርሜል በኮምፒዩተር እንሠራለን። ይህንን ነው ሞዴል የሚሉት። ወደፊት የምታስተምረኝ ፕሮፌሰር እኛ የቧንቧ ሠራተኞች ነን፣ የምንለየው እጃችን ስለማይቆሽሽ ነው ትላለች።

ለምን ይህን ጥናት እንደፈለግኩ አንድ ገጽ ጽፌ እንድልክ ታዝዣለሁ። ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ሁሉም የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። አንዱ ላይ «የኅብረተሰባችን አንገብጋቢ ችግር» ብዬ ነበር። ፕሮፌሰሯ ከሥሩ አስምራ «ማነው የታመመው?» ብላ መለሰችልኝ።

የታመመው አባቴ ነው፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። ግን ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለምና ካልፈቀዱልኝ አልጽፈውም።

ልጅዎ


ኅዳር 3

ለልጄ፣

ዓይኔ ደህና ነው። ጽሑፌ የወጣው ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው፣ ከእግሩ ሥር የማስገባው ካርቶን ወልቆ ነበር። አሁን አስተካክዬዋለሁ።

የበርሜሉን ነገር ለልብስ ሰፊዋ አነበብኩላት። የእኔስ በርሜል ምን ያህል ይሆን ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሷ ከሄደች በኋላ መልሼ አነበብኩት፣ ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ማንበብ የተማርኩት ካንቺ ደብተር መሆኑን ታውቂያለሽ። አንቺ የቤት ሥራሽን ስትሠሪ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ በጎን አይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማነበው። የጋዜጣ ቁራጭ፣ ያለ ሽፋን የተጣለ መጽሐፍ፣ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ወረቀት። ሰው ማንበብ ከተማረ በኋላ አላነብም ማለት አይችልም። አንዳንድ ነገር ባይነበብ ይሻል ነበር የሚለው የሚገባው ካነበቡት በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይህ የምትሠሩት ሞዴል የአንድን ሰው ነገር ለይቶ ማወቅ ይችላል? ድሮ የሞተ ሰውስ ቢሆን? ክብደቱን፣ ምን ያህል እንደዋጠ፣ በልቶ ይሁን ሳይበላ ቢነግሩት ሙሉውን ቢያገኝ ኖሮ ይድን ነበር ወይም አይድንም ነበር ብሎ ይፈርዳል? ሁለተኛውን ርዕስ የፈለግሽው ለዚህ እንደሆነ አላጣሁትም። አንቺም አላጣሽውም፣ ብቻ አላልሽም።

ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት እስከዛሬ የኖርኩት ባለማወቄ ነው። አንዳንድ ቀን ገድዬዋለሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀኑ ደርሶ ነው፣ የሰው እጅ የለበትም እላለሁ። ሁለቱን እያፈራረቅኩ፣ አንዱ ሲከብደኝ ወደ ሌላው እየሄድኩ ነው እዚህ የደረስኩት። አንቺ አንዱን ልትወስጂብኝ ነው። የትኛውን እንደምትወስጂ ሁለታችንም አናውቅም።

ፈቃድ ከጠየቅሽኝ አልፈቅድም። ቁጣ አይደለም። ደክሞኛል።

እትዬሽ


ኅዳር 15

ለእትዬ፣

አጭር ደብዳቤ ነው፣ ይቅርታ። መስኮቱን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ከመጋዘኑ ሆኜ ነው የምጽፈው።

የነፍሰ ጡሮቹን ርዕስ ሌላ ሰው ወስዶታል። የቀረልኝ ያ ሁለተኛው ብቻ ነው። በኅዳር መጨረሻ እሺ ካላልኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ዕድል ሁለተኛ ይመጣል ብዬ አልዋሽዎትም። ፕሮፌሰሯ ምን ወሰንሽ ስትለኝ ቤተሰብ እየጠየቅኩ ነው አልኳት። ስንት ናችሁ አለችኝ። ሁለት ነን አልኳት።

ለጠየቁኝ መልሱ ይኸውና። ሞዴሉ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አንድ ሰው አይፈርድም። ሙከራ ማድረግ ግን ይቻላል። ለአባቴም ቢሆን ይቻላል። አላደርገውም ብዬ ልምልልዎት አስቤ ነበር። ራሴን ስለማውቅ አልማልኩም።

ትናንት አንዲት ሴት መስኮቱ ጋ መጣች። አንዱ ልጅ ጀርባዋ ላይ፣ አንዱ በእጇ። ሁለቱም ያተኩሳሉ። የታዘዘው ግን ለታላቁ ነው፣ ለትንሹ ካርድ አላወጣችም። ለሁለቱ ባካፍለውስ አለችኝ። ይህን ጥያቄ አንድ ሺህ ጊዜ ነው የመለስኩት። አይሆንም፣ ሁለቱም አይድኑም፣ ለትንሹም አሳዝዘሽ ነይ አልኳት። የካርዱን ሰልፍ ዞር ብላ አየችው። በሩን አልፎ ግቢው ድረስ ወጥቷል። ከዚያ ቀና ብላ በጣም ቀስ ብላ «እስከዚያ ማንኛቸውን ልተው?» አለችኝ።

ራሴ ይዣት ሄጄ ከሰልፉ ፊት አስገባኋት። ሰው ሰደበን። ግን ያቺን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩላትም። የእርስዎ ጥያቄ መሆኑን ትናንት ነው ያወቅኩት።

ያለ እርስዎ ቃል ግን አልቀበልም። እዚሁ መስኮት ላይ ብቀርም ሥራ ነው።

ልጅዎ


ኅዳር 21

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ቀኑ እንዳያልፍሽ ብዬ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቼዋለሁ። እጇ ላይ ካላደረስክ ዳግመኛ ሱሪህን የሚያሳጥርልህ የለም ብላ ልብስ ሰፊዋ አስፈራርታዋለች።

እሺ በያቸው። ዛሬውኑ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። አንዴ ነው የምጽፈው።

አባትሽ ትልቅ ሰው ነበር። መንገድ ሥራ ላይ ሮለር ይነዳ ስለነበር አረማመዱም እንደ ሮለሩ ቀስ ያለ ነው፣ ሰፈሩም «ሮለር» ይለው ነበር። ጤና ጣቢያ ሲመዝኑት ሰባ ስድስት ኪሎ ነበር። አንቺ አጥንትሽ የሚቆጠር ልጅ ነበርሽ። ዓይን ያለው ሰው ሁለታችሁን አይቶ እኩል አያካፍልም። ሾርባ እንኳ ስቀዳ ለእሱ በትልቁ ሳህን፣ ላንቺ በትንሹ ነበር።

መድኃኒቱን ግን እኩል ከፈልኩት። እናትሽን የቀበሩ ሴቶች ሊጠይቁ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት የአንቺን መኝታ ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አንሶላሽ ንጹሕ መሆኑን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። የእንጀራ እናት ነበርኩ። ለልጅቷ አሳነሰችባት ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋን ምስክር ትሁነኝ ብዬ ጠራኋት፣ ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አንድ ለእሱ አንድ ላንቺ እያልኩ ከፈልኩ። ደግ አደረግሽ አለችኝ። የወለድኩሽ ብሆን ኖሮ ምስክር አልጠራም ነበር። ላንቺ የሚበቃሽን ሰጥቼ የቀረውን ለእሱ አደርገው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የዋጠውን አስመለሰው። ውኃ እንጂ ምግብ አልወረደለትም። ደግሜ ልስጠው ብዬ አነሣሁ፣ ከሰጠሁት ካንቺ ድርሻ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። አይቶኛል። ተይው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተይው ያለው ለእኔ አዝኖ ይሁን ላንቺ ወይም ሆዱ አልቀበል ብሎት ይሁን አላውቅም።

መድኃኒቱ በሰው ክብደት እንደሚሰጥ ያነበብኩት አንቺ ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ ነው። ካርቶኑ ውስጥ በሚመጣው ወረቀት ላይ የትንሽ ልጅና የትልቅ ሰው ሥዕል አለ። ከዚያ ወዲህ አውቄ ነው የኖርኩት። ሳላውቅ ነው የኖርኩት ብዬ የጻፍኩልሽ እውነት አልነበረም። የማላውቀው ሙሉው ቢደርሰው ምን ይሆን እንደነበር ነው።

ጻፊው። «የእንጀራ እናቴ» ብለሽ ጻፊ። እንደዚያ ካልተባለ ነገሩ አይገባቸውም።

እትዬሽ


ሐምሌ 11

ለእትዬ፣

ለዶክትሬቱ ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ከመጣሁ ወዲህ የጻፍኩልዎት ሁሉ ስለ አየሩና ስለ ክፍሌ ነበር። አይቆጡ ብዬ አልለምንም፣ ቢቆጡ እውነትዎን ነው።

የምሠራበት ክፍል አምስት ነን። መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ነን፣ አንዱ የመድኃኒቱን መውጣት መውረድ የሚያሳየው ኩርባ መስመር አልገጥምልህ ሲለው እንደ ሰው ይሰድበዋል። የሚመጡልን ሕሙማን ስም የላቸውም፣ ዕድሜና ኪሎ ብቻ ነው የምናየው። አንዳንዱ መዝገብ ላይ መጠኑ ጎድሏል፣ ምክንያቱ አልታወቀም ይላል። ያንን ባየሁ ቁጥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት ሴቶች ይታዩኛል። ሌሎቹ ለምን እንደምዘገይ አይገባቸውም።

ፕሮፌሰሯ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። የአባትሽን ነገር እንዳትሞክሪ፣ የሚወጣው መልስ መልስ አይሆንሽም አለችኝ። ጽሑፌን አንብባለች፣ ታውቃለች። እሑድ ማንም በሌለበት መጥቼ ሞከርኩት።

ሰባ ስድስት ኪሎውን አስገባሁ። ያስመለሰውን፣ ያልበላውን አስገባሁ። ግማሹን ሰጥቼ ብዙ ሺህ ጊዜ አስኬድኩት፣ ሙሉውን ሰጥቼም እንደዚያው። ግማሹን ወስዶ የሚድንበት አለ። ሙሉውን ወስዶም የሚሞትበት አለ። ሙሉውን ቢያገኝ የሚድንበት ግን ይበዛል። እጅግ አይደለም፣ ግን ይበዛል። ያስመለሰው ቢደገምለት ደግሞ ትንሽ ይጨምራል።

ራሴንም አስገባሁ። የደረሰኝ ለእኔ ከሚበቃው በላይ ነበር። ይህን ከኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ አውቀው ነበር፣ አልነገርኩዎትም። እርስዎም ያውቁት ነበርና ስንደባበቅ ኖረናል። ባይደርሰኝ ኖሮ የምለውን ግን ማሽኑን አልጠየቅኩትም። ሌላውን ሁሉ ጠይቄ እሱን ሲደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

አለስልሼ ልጽፍልዎት ሞክሬ ነበር። አላማረኝምና ቀደድኩት።

ልጅዎ


ነሐሴ 6

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ይበዛል» የሚለውን አየሁት። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አየሁት። ዓይኔ ጥቂት ደክሟል፣ ባለፈው የዋሸሁሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ሐኪም አይቶኛል፣ መነጽሩም የእሱ ትእዛዝ ነው።

እንደፈራሁት አልወደቅኩም። ተነሥቼ የታጠበውን ልብስ አሰጣሁ። አንሶላውን በሁለት እጄ ጨምቄ ሳበቃ ለካ ደረቅ ኖሮ፣ ያልታጠበ ነው የጨመቅኩት። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ አይታኝ ምን ሆንሽ አለችኝ። ልጅቷ ጽፋልኝ ነው አልኳት። ምን አለች? ሥራው ጥሩ ነው ብላለች አልኳት። «እኔም እኮ ደግ አደረግሽ ብዬሽ ነበር» አለችኝ። ለካ እሷም ይዛው ኖራለች። ግቢ አልኳት፣ ገባች፣ ስለዚያ ቀን ምንም ሳናነሣ እስኪመሽ ተቀመጥን። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አምጥታ ነበር፣ እሷ ሰፋች፣ እኔ ቁልፍ ተከልኩላት።

ስላላለሰለስሽው አመሰግንሻለሁ። ብታለሰልሺው ሌላ ነገር ደብቃኛለች ብዬ እድሜዬን ሙሉ ስፈልግ እኖር ነበር።

ማሽንሽን እንደጠየቅሽ እኔም የምጠይቀው አለኝ። ለማሽኑ አይደለም፣ ላንቺ ነው። እዚህ ላይ መጻፍ አፈርኩ። በሌላ ትንሽ ወረቀት ጽፌ አጥፌ ውስጡ አድርጌዋለሁ። አንብቢውና ቅደጂው። መመለስ ካልፈለግሽ ስለ አየሩ ጻፊልኝ፣ ይገባኛል።

እትዬሽ


ነሐሴ 28

ለእትዬ፣

ትንሿን ወረቀት አንብቤ ቀድጃታለሁ።

መልሱ አዎ ነው። ተቀይሜዎት ነበር። ለብዙ ዓመት።

ግን እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም። አባቴን ገደሉብኝ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። የተቀየምኩት ስላተረፉኝ ነው። ከቀብሩ በኋላ ያገኘኝ ሁሉ «እትዬሽን አመስግኚ፣ ለነፍስሽ የደረሰችልሽ እሷ ናት» ይለኝ ነበር። አመሰግን ነበር። ሰው ፊት እጅዎን ስሜ አመሰግን ነበር። ባመሰገንኩ ቁጥር እሰይ አባቴ ሞተ፣ እኔ ዳንኩ ያልኩ ይመስለኛል። ማንም ሰው ለጎደለበት ነገር አመስግን አይባልም፣ እኔ ግን ይህንኑ ነበር የምባለው። ስለዚህ ነው ኮሌጅ ስገባ ሰው ፊት እጅዎን ላለመሳም ዕቃዬን ይዤ በጎረቤት ግቢ በኩል የወጣሁት። ስለዚህ ነው ስልኬ ሁልጊዜ አጭር የነበረው። እርስዎ በስልክ ማውራት አልችልም ሲሉ በልቤ ተመስገን እል ነበር።

ቂሙ መቼ እንደተወኝ አላውቅም። ይቅር ብዬ አይደለም፣ በደሉን ብፈልገው አላገኘሁትም። ለምስክርነት ከጠሯት ሴት ጋር አብሬ ብቆም ኖሮ እኔም ደግ አደረግሽ እል ነበር። ደክሞኝ ነው የተውኩት ብል ይሻላል። እርስዎም ደክሞኛል ብለው ጽፈውልኝ ነበር፣ ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ገብቶኛል።

በጥር ፈቃድ ይሰጡኛል። እመጣለሁ። ሰፈሩ ሳይሰማ ብቻዬን ብገባ ደስ ይለኛል።

ስላሳደጉኝ አመሰግንዎታለሁ። ማንም በይ ሳይለኝ ነው የምጽፈው። ስላበሉኝ፣ ስላስተማሩኝ፣ ሽንኩርት እየላጡ ከጎኔ ስለተቀመጡ። ስለ መድኃኒቱ ግን ገና ነኝ። አፌን ከፍቼ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፣ አልወጣልኝም። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

ልጅዎ